በደብተሩ ዳር የተጻፉ ስሞች

በዚህ እትም ስለ ምስጋና ልጽፍላችሁ ነው። የሌላውን ሰው ምስጋና ቢስነት መንቀፍ ቀላል ስለሆነ በራሴ ጥፋት እጀምራለሁ።

ጉደር ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን በወጣቶች አገልግሎት እሳተፋለሁ። ኮምፒውተር የተማርኩት አምቦ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ እስካገኝ ድረስ ቤተሰቦቼ ጋ በተቀመጥኩባቸው ወራት ለመዘምራኖቻችን የሚሆን የመዝሙር አፕ ሠራሁ። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ብዙ መዝሙሮችን የያዘ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ ፊደሉ ጎልቶ የሚነበብ፣ አንዳንዱንም መዝሙር በድምፅ የሚያሰማ ነበር።

አንድ እሁድ በአምልኮው መጨረሻ ላይ አፑ ለምእመናን ተዋወቀ። ስልኬ ከፕሮጀክተሩ ጋር ተገናኝቶ የመጀመሪያው ገጽ ግድግዳው ላይ ሲወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ስም ሥር "አዘጋጅ" ከሚለው ቃል ቀጥሎ የተጻፈው የእኔ ስም ብቻ ነበር። ሰዉ አጨበጨበ፤ እናቶች እልል አሉ። እኔም ማይኩን ተቀብዬ፣ ሁላችንም እንደለመድነው፣ "ክብሩ ለጌታ ይሁን" አልኩና ተቀመጥኩ።

ሰው ሲበተን አንዲት አዛውንት እናት ጠሩኝ። ከመዝሙሮቹ ብዙዎቹን የገለበጥኩት ከእሳቸው ደብተር ነው። በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ምእመናን በየቤቱ ተደብቀው ይሰበሰቡ በነበረበት ጊዜ በእጃቸው የጻፉት ደብተር ነው። "ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ብቻህን ነው የሠራኸው?" አሉኝ። "አዎ እማማ፣ ጌታ ረድቶኝ" አልኩ። "ተባረክ" ብለው መረቁኝ። ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "በደብተሩ ዳር የጻፍኳቸውን ስሞችስ የት አደረግካቸው?" ብለው ጠየቁኝ።

ስሞቹ ትዝ አሉኝ። በየመዝሙሩ አጠገብ፣ በገጹ ዳር ላይ፣ መዝሙሩን ከማን እንደተማሩት በትናንሽ ፊደል ጽፈው ነበር። አንዱን ከነቀምት መጥታ እሳቸው ቤት ካደረች እህት፣ አንዱን ጌዶ ካገኙት ወንድም፣ አንዱን ከእስር ከተፈታ ወንጌላዊ ነው የተማሩት። አንዳንዱ ጋ ስም ብቻ፣ አንዳንዱ ጋ ስምና ዓመት አለ። ስገለብጥ አይቻቸዋለሁ። የመዝሙሩ ክፍል ስላልመሰሉኝ ዘለልኳቸው። "እማማ፣ ቦታ አጥቼ ነው" አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። ደብተራቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሄዱ።

ያልከፈልኩበት ዕቃ

የዚያን ዕለት ማታ የአፑን ኮድ ከፍቼ ተቀመጥኩ። ዳር ዳሩን የዘለልኩት በእማማ ደብተር ላይ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ኮድ ጽፋችሁ ለማታውቁ በአጭሩ ላስረዳ። ዛሬ አፕ የሚሠራ ሰው ሁሉንም ከባዶ አይጽፍም። ሌሎች ሰዎች ጽፈውና ፈትነው ማንም እንዲጠቀምባቸው የለቀቋቸው የኮድ ስብስቦች አሉ፤ ላይብረሪ ይባላሉ። አንዱ ድምፅ ያጫውታል፣ አንዱ መረጃ ያስቀምጣል፣ አንዱ ገጹን ስክሪን ላይ ያወጣል። ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ክፍት ምንጭ ወይም ኦፕን ሶርስ ይባላሉ። የእኔን አፕ ገጾች የሚያወጣው ከጉግል የመጣው ፍላተር ነው። መዝሙሮቹ የተቀመጡት ኤስኪውላይት በተባለ የመረጃ ቋት ውስጥ ነው። ፊደሎቹ ኖቶ የተባለው ፎንት ናቸው። ድምፁን የሚያጫውተው አይቻቸው የማላውቃቸው ሰዎች የጻፉት ላይብረሪ ነው። የእኔ ኮድ ከእነዚህ ሁሉ አጠገብ ሲቀመጥ ጥቂት ነው። ዕቃዎቹን አገጣጠምኩ፣ መዝሙሮቹን ተየብኩ፣ ቀለም መረጥኩ። ይህም ሥራ ነው፤ አላቃልለውም። "ብቻዬን" ግን የሚባል አይደለም።

"ቤት የሠራ ሰውስ ቆርቆሮውን ራሱ አቅልጦ፣ ምስማሩን ራሱ ቀጥቅጦ ነው እንዴ? ቤቱ ግን የእሱ ነው" ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው። ያ ሰው ግን ለቆርቆሮውም ለምስማሩም ከፍሏል። ባለሱቁ ዋጋውን ተቀብሏል፤ ሒሳባቸው ተዘግቷል። እኔ ለእነዚህ ሁሉ አንድ ብር አልከፈልኩም። ሰጪዎቹም ብር አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ስማቸውን እንዳልፍቅ ነው።

ይህ ጥያቄ ፈቃድ ወይም ላይሰንስ በሚባለው ጽሑፍ ውስጥ ሰፍሯል። በጣም ከተለመዱት አንዱ ኤምአይቲ የሚባለው ነው። አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። ኮዱን ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲቀይረው፣ እንዲያባዛው፣ ሌላው ቀርቶ እንዲሸጠው ይፈቅዳል። በምላሹ የሚፈልገው የባለመብቱ ስምና የፈቃዱ ጽሑፍ ከቅጂው ጋር አብረው እንዲሄዱ ብቻ ነው። የፍላተር ፈቃድ የሆነው ቢኤስዲም የሚጠይቀው ከዚህ ብዙም አይርቅም። አፓቼ 2.0 የተባለው ደግሞ ኮዱን የለወጠ ሰው መለወጡን እንዲናገር ይጠይቃል። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ጂፒኤል ከሁሉም ይጠነክራል፤ ከተቀበልከው ኮድ ሌላ ሠርተህ ለሌሎች ስታድል፣ አንተም እንደተቀበልከው ኮድህን ክፈት ይላል።

እስቲ ስልካችሁን አውጡ። አንድሮይድ ከሆነ ቅንብሮች ውስጥ ገብታችሁ ስለ ስልኩ የሚናገረውን ክፍል፣ ከዚያም ሕጋዊ መረጃ የሚለውን ፈልጉ። የፈቃዶች ዝርዝር ታገኛላችሁ። በጣትህ ወደ ታች ብትስበው ብትስበው አያልቅም። ስልካችሁን ያቆሙት ሰዎች ስም በዚያ አለ። ፍላተርም እንዲህ ያለውን ገጽ ራሱ አዘጋጅቶ ይሰጣል፤ ፕሮግራመሩ አንድ መስመር ጽፎ እንዲታይ ማድረግ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። እኔ ግን ስለ አፑ የሚናገረውን ገጽ ስሠራ ወደዚያ ዝርዝር የሚወስደውን ቁልፍ አገኘሁትና አጠፋሁት። ገጹን ያበላሽብኛል፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መዝሙር መሐል ምን ይሠራል አልኩ። የእማማን ስሞች ቦታ አጥቼ ነው ብዬ ነበር። እዚህ ግን ቦታው ተዘጋጅቶልኝ ነበር።

የፊደላችን ባለውለታዎች

"ይህ የፈረንጅ ጉዳይ ነው፤ ጉደር ድረስ ምን አመጣው?" የሚል ይኖራል። መልሱ ያለው በምታነቡት ፊደል ላይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። ፊደላችን ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ እንደ ፍስሓ አጥላውና ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ኢትዮጵያን የሚወዱ ሰዎች ለዓመታት ደክመዋል። ስንቶቻችን ስማቸውን ሰምተን እናውቃለን?

ፎንቱንም ተመልከቱ። በቋንቋ ጥናትና በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ሥራ የሚታወቀው ኤስአይኤል የተባለው ድርጅት፣ አቢሲኒካ የተባለ የግዕዝ ፎንት አዘጋጅቶ በነፃ ለቋል። ለዚህና ለመሰሎቹ ያወጣው ክፍት የፎንት ፈቃድ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው 1.1 እትሙ፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ብዙ ፎንቶች የሚለቀቁበት ሆኗል። እኔ የተጠቀምኩበት ኖቶም በዚሁ ፈቃድ ሥር ነው። ፎንቱን ከአፕህ ጋር አብረህ ማደል ትችላለህ፤ ፎንቱን ለብቻው ግን አትሸጥም። የባለመብቱን ስምና የፈቃዱን ጽሑፍ አብረህ ትሰጣለህ።

በዚህ ፈቃድ ውስጥ ቆም ብዬ ያሰብኩበት ሌላ አንቀጽም አለ። ፎንቱን ከለወጥከው፣ ሠሪው ለይቶ ያስቀመጠውን ስም ለአንተ ቅጂ አታውለውም፤ የሠሪዎቹንም ስም የአንተን ሥራ ለማስተዋወቅ አትጠቀምበትም። ቢኤስዲም ተመሳሳይ ነገር ይናገራል። ሰው ያደረገውን እንዳላደረገ አታስመስል፤ ያላደረገውንም እንዳደረገ አታስመስል ማለት ነው። ይህ በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ ሁለት ፊት ይመስለኛል። ጥፋቴን ለማረም በተነሣሁ ጊዜ አንድ ወንድም "እንግዲያው ከጉግል ጋር በመተባበር የተዘጋጀ ብለህ ጻፍበት፤ ያምራል" ብሎኝ ነበር። ሳቅን። እውነቱን ለመናገር ግን ለአንድ አፍታ ሐሳቡ ጥሞኝ ነበር። ምስጋና እንኳ ካልተጠነቀቅንበት መኩሪያ ይሆናል።

ይህ ሁሉ የእኛን የዕለት ኑሮ ይነካል። ጤና ሚኒስቴራችን ከየጤና ተቋሙ የሚመጣውን መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ2 የተባለው ሥርዓት፣ በኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የሚዘጋጅ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። ጤና ጣቢያ ሄዳ ልጇን ያስከተበች እናት አታውቀውም። ማወቅም አይጠበቅባትም። እኛ ግን ኮድ የምንጽፍ፣ ከዚያው ምንጭ ቀድተን የምናድል፣ አላወቅንም ማለት አንችልም።

"ማን ያነበዋል? ማንስ ይጠይቀኛል?"

ልቤ ሲከራከር የመጀመሪያው ሐሳቡ ይህ ነበር፤ ያንን ዝርዝር ማንም አያነበውም። እውነት ነው። ነህምያ ምዕራፍ ሦስትንስ ስንቶቻችን እናነበዋለን? የኢየሩሳሌምን ቅጥር ማን ከማን ቀጥሎ እንደሠራ የሚዘረዝር ምዕራፍ ነው። ሊቀ ካህናቱ ኤልያሴብ አለ፣ ወርቅ አንጥረኞች አሉ፣ ሽቱ ቀማሚ አለ፣ ከሴቶች ልጆቹ ጋር የሠራ ሰሎም የሚባል አለቃ አለ። ለሥራው አንገታቸውን ያላዋረዱ የቴቁሐውያን ታላላቆችም እንደ ሥራቸው ተመዝግበዋል። ሮሜ 16ም እንደዚሁ ነው። ስለ ጸድቅ ያን ሁሉ ጥልቅ ትምህርት የጻፈው ጳውሎስ መልእክቱን የሚዘጋው በስም ዝርዝር ነው። ፌቤን ብዙዎችን እንደረዳች፣ ጵርስቅላና አቂላ ስለ እሱ ነፍሳቸውን ለሞት እንዳቀረቡ ይናገራል። ብዕሩን ይዞ የጻፈለት ጤርጥዮስም በራሱ አንደበት ሰላምታ እንዲያቀርብ ቦታ ተሰጥቶታል። እኛ በፍጥነት የምናልፋቸው እነዚህ ገጾች የእግዚአብሔር ቃል ናቸው። የሚያነበው ስለጠፋ እውነት ሳይጻፍ አይቀርም።

ዝርዝሩ የሚፈለግበት ቀንም ይመጣል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ሎግፎርጄ በተባለ፣ በዓለም ሁሉ በሚሠራበት ላይብረሪ ውስጥ ከባድ የደኅንነት ቀዳዳ ተገኘ። የብዙ ድርጅቶች የመጀመሪያ ጭንቀት "እኛ ውስጥ አለ ወይስ የለም?" የሚል ነበር። በሥራው ውስጥ ምን እንዳስገባ የመዘገበ ቶሎ መለሰ፤ ያልመዘገበ ሲፈልግ ሰነበተ። ከማን እንደተቀበልን መጻፍ አፑን አምኖ ስልኩ ላይ የጫነውን ወንድማችንን ይጠብቃል።

"ማን ይከሰኛል?" ለሚለውም መልስ አለ። ሮበርት ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ምሁር፣ የአሻንጉሊት ባቡሮችን የሚቆጣጠር ሶፍትዌር ከሌሎች ጋር ሠርቶ በክፍት ፈቃድ ለቀቀ። አንድ ነጋዴ ከዚያ ወስዶ፣ የሠሪዎቹን ስም አውጥቶ፣ በራሱ ምርት ውስጥ ከተተው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2008 የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ ኮዱ በነፃ ቢሰጥም የፈቃዱ ግዴታዎች በቅጂ መብት ሕግ ይጠበቃሉ ብሎ ወሰነ። ነገሩ በ2010 በስምምነት ሲያልቅ ወሳጁ 100,000 ዶላር ሊከፍል ተስማማ። የአሻንጉሊት ባቡር ነው ብላችሁ አትሳቁ። ፍርድ ቤቱ የተረዳው ገንዘብ ያልጠየቀ ሰውም የጠየቀው ነገር እንዳለ ነው።

ይሁን እንጂ ክስን ፈርታችሁ ስም እንድትጽፉ አይደለም የምመክራችሁ። ጉደር ድረስ መጥቶ የመዝሙር አፕ የሚከስ የለም። ጥያቄው ማንም የማይከሰው ሰው ምን ያደርጋል የሚለው ነው።

ዝም የማለት መብት የማን ነው?

ከሁሉም የከበደኝ ግን ሌላ ክርክር ነው። ከራሱ ከወንጌል ይነሣል። ጌታችን በማቴዎስ 6 ምጽዋት ስትሰጥ ግራ እጅህ ቀኝህ የምታደርገውን አትወቅ ብሎ አስተምሯል። እንግዲያው እውነተኛ ሰጪ ስም አይፈልግም፤ ስሜን ጻፍልኝ የሚል ሰጪ ዋጋውን ተቀብሏል፤ ስለዚህ ባልጽፍለት ምን በደልኩት? ይህ ክርክር መንፈሳዊ ይመስላል። ለብዙ ቀን መልስ አጥቼለት ነበር።

መልሱ የመጣልኝ ያ ትእዛዝ የተሰጠው ለማን እንደሆነ ስጠይቅ ነው። ለሰጪው ነው። የተሰጠው ሰው ዝም እንዲል አልታዘዘም። ሉቃስ 17 ላይ ከነጹት አሥር ለምጻሞች ምስጋና ይዞ የተመለሰው አንዱ ብቻ ነበር፤ ጌታም ዘጠኙ የት እንዳሉ ጠየቀ። ስሙን የመደበቅ መብት የሰጪው ነው። የተቀባዩ ድርሻ መናገር ነው። እኔ የሌላውን ትሕትና ወስጄ የራሴ ዝምታ መሸፈኛ አደረግኩት።

የአገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ሥነ ጽሑፍ ሥራ ይጠብቃል። ለሥራው አመንጪም የሥራው ባለቤት ተብሎ የመታወቅ መብት፣ ከፈለገም ስሙን ያለመግለጽ ወይም በብዕር ስም የመጠቀም መብት ይሰጠዋል። ሁለቱም መብቶች የሠሪው ናቸው። ስሙን የመደበቅ ሥልጣን ለቀጂው አልተሰጠም።

በእርግጥ ምንም የማይጠይቅ ሰጪም አለ። መዝሙሮቼ የተቀመጡበት ኤስኪውላይት እንዲህ ነው። በየስልካችን ውስጥ አለ ማለት ይቻላል። ሪቻርድ ሂፕ እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረውን ይህን ሥራ መብቱን ሁሉ ትቶ ለሕዝብ ለቀቀው። ፈቃድ በሚጻፍበት ቦታ ላይ ያስቀመጠው ምርቃት ነው፤ ተጠቃሚው መልካም እንዲሠራ፣ ይቅርታን እንዲያገኝና ይቅር እንዲል፣ ከሰጠው በላይ ሳይወስድ በነፃ እንዲያካፍል ይመርቃል። እዚህ ሕግ አያስገድደኝም። ስሙን ብተው ማንም ጥፋተኛ አይለኝም። ሆኖም ከሁሉ በፊት መጻፍ የፈለግኩት የእሱን ስም ነው። የጠየቀህን ስትከፍል ታማኝ ነህ፤ ያልጠየቀህን ስታመሰግን ግን ልብህ ምን እንደሚመስል ይታያል።

"ክብሩ ለጌታ ይሁን"

አሁን ወደዚያ እሁድ ልመለስ። ማይኩን ይዤ ያልኩት ቃል ምን ስሕተት ነበረበት? ክብር ሁሉ የጌታ ነው፤ ይህን አንከራከርበትም። ነገር ግን በማርቆስ 7 ጌታ የገሠጻቸውን ሰዎች አስቡ። ለአባትና ለእናታቸው ሊሰጡት የሚገባቸውን "ቁርባን ነው፤ ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል" ይሉ ነበር። ቃሉ የተቀደሰ ነው። የተጠቀሙበት ግን ዕዳ ለማምለጥ ነው።

እኔም እንዲሁ አደረግኩ። "ክብሩ ለጌታ ይሁን" ስል ለጌታ የሰጠሁት የእኔን ክብር አልነበረም፤ የእኔ ስም ግድግዳው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። የሰጠሁት የእማማን፣ የነቀምቷን እህት፣ የእስረኛውን ወንጌላዊ፣ ኮዱን የጻፉትን ሰዎች ድርሻ ነው። የሌላውን ድርሻ መሥዋዕት አድርጌ የራሴን አስቀረሁ። አባቶቻችን በሰው ወርቅ አይደመቅም የሚሉት ይህን ነው። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 4 ላይ ያልተቀበልከው ምን አለህ፣ ከተቀበልክ ለምን እንዳልተቀበለ ትመካለህ እያለ የሚጠይቀው እንደ እኔ ያለውን ነው። ጌታ በሰው እጅ ከረዳኝ፣ እጁን ደብቄ ጌታን ማመስገን ምስጋናውን ጎደሎ ያደርገዋል።

የነቀምት መንገድ

ከጉደር ተነሥቶ በጌዶና በባኮ ወደ ምዕራብ የሚሄደው መንገድ ነቀምት ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1931 በዚያች ከተማ ያረፈው ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ የተረጎመ ታላቅ አባታችን ነው። አዲስ ኪዳኑ በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ። ይህን ሁላችንም ከሰንበት ትምህርት ጀምሮ ሰምተነዋል።

አስቴር ጋኖን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? እሷም በባርነት ወደ ዐረብ አገር ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 ከመርከብ ላይ ነፃ የወጣች፣ ምጽዋ አጠገብ በነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት የተማረች ወጣት ነበረች። ለትርጉሙ ሥራ የዋለውን የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት ያጠናቀረችው፣ የሕዝቡን ተረትና ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዜማ ከትዝታዋ እያወጣች የጻፈችው እሷ ናት። ኦኔሲሞስ ከልጅነቱ ከአገሩ የተለየ በመሆኑ ቋንቋውን በጥልቀት የምታውቅ ሰው በእጅጉ ታስፈልገው ነበር። ሆኖም ስለ ትርጉሙ ሲነገር ለብዙ ዘመን የሚጠራው አንድ ስም ብቻ ነበር። ኦኔሲሞስን ልከስ አልተነሣሁም። የምለው ስለ እኛ፣ ከኋላ ስለመጣነው ተራኪዎች ነው። ዛሬ የአስቴር ስም ከእሱ ጎን ሲጠራ የኦኔሲሞስ ክብር ቀነሰ? አልቀነሰም። ታሪኩ ሙሉ ሆነ፤ የኦሮሞ ሴት ልጅም መጽሐፉን ስትከፍት የእናቷን እጅ አየችበት።

አንዲት ልጅ የነገረችኝ

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ያስተማረችኝ በወጣቶች ኅብረታችን ያለች፣ ሒሳብ የምትወድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። አፑ በተዋወቀ በሳምንቱ "ኮድ መጻፍ ላስተምርሽ?" አልኳት። "አይ፣ እኔ እንደ አንተ ያን ሁሉ ብቻዬን መፍጠር አልችልም" አለችኝ።

ይህን ስሰማ አፈርኩ። እኔም እኮ ብቻዬን አልፈጠርኩትም! የመጀመሪያውን ቀን ያንን የፈቃዶች ገጽ ብታይ ኖሮ፣ ይህ ሰው ሌሎች የሰጡትን አገጣጥሞ እንደሠራና እሷም መጀመር እንደምትችል ባወቀች ነበር። ስሞቹን ስደብቅ በሩንም ዘጋሁባት። ስም የሚሰርቅ ሰው የሚጎዳው ባለስሙን ብቻ ይመስለናል። ከኋላው የሚመጡትንም ይጎዳል፤ ብቻውን የቆመ ጀግና አስመስሎ ራሱን ሲያቀርብ እነሱ ገና ሳይጀምሩ ተስፋ ይቆርጣሉ።

የወጣቶች መሪያችንን አምስት ደቂቃ ለመንኩት። በሚቀጥለው እሁድ ማይኩን ይዤ "ብቻዬን ነው ያልኩት እውነት አልነበረም" ብዬ ተናገርኩ፤ ከየት ምን እንደወሰድኩም ዘረዘርኩ። አልደብቃችሁም፣ ከብዶኝ ነበር። ያን ቀን ያጨበጨበ የለም። አንዳንዱ ምን እያልኩ እንደሆነም አልገባውም። ከዚያ እማማ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠይቄ ደብተሩን እንደገና ለመንኩ። ሰጡኝ። ያቺን ተማሪም አብራኝ እንድትሠራ ጠየቅኳት፤ ዳር ዳሩን እያነበበች የተየበችው እሷ ናት። አሁን አፑ ላይ በየመዝሙሩ ሥር ከማን እንደመጣ ተጽፏል። የፈቃዶቹም ቁልፍ ወደ ቦታው ተመልሷል። የእኔ ስም አለ፤ ከብዙዎቹ አንዱ ሆኖ።

ሁሉንም ግን መመለስ አልቻልንም። የደብተር ቶሎ የሚያልቀው ዳሩ ነው። እጅ የሚነካው፣ እርጥበት የሚገባበት፣ አይጥ የሚጀምርበት እሱ ነው። በአንዳንዱ ገጽ መዝሙሩ ደህና ሆኖ አጠገቡ ያለው ስም ጠፍቷል። እማማም ረስተውታል። በእነዚያ ሥር "ከማን እንደመጣ አልታወቀም" ብለን ጻፍን። ይህን ስንጽፍ ልጅቷ "ትንሽ ቀደም ብለን ብንጽፈው ኖሮ" አለች።

ስለዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ኮድ የምትጽፉ አፕ ከመልቀቃችሁ በፊት በውስጡ ያሉትን ላይብረሪዎች ዘርዝሩ፤ የእያንዳንዱን ፈቃድ አንብቡ፤ ስሙንና የፈቃዱን ጽሑፍ ሰው ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ አኑሩ፤ የለወጣችሁት ካለ መለወጣችሁን ተናገሩ፤ ያልሠራላችሁንም ሰው ስም ለማድመቂያ አትጥሩ። ኮድ የማትጽፉም ስብከት ታዘጋጃላችሁ፣ ግጥም ለዚህ መጽሔት ትልካላችሁ፣ ድራማ ትሠራላችሁ፣ የሌላ ሰው መዝሙር በአዲስ ዜማ ታቀርባላችሁ። ሐሳቡን ከማን አገኛችሁት? በዚህ ሳምንት አንድ ሥራችሁን አንሡና ዳሩን ተመልከቱ። የዘለላችሁት ስም ካለ ሰውየው በሕይወት ሳለ፣ ስሙም ሳይደበዝዝ ጻፉት። እማማም ሌላ ደብተር አላቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከዚያች ተማሪ ጋር ሄደን እንጀምረዋለን፤ የምንጀምረውም ከዳሩ ነው።